ቻራንጎና ተኦርቦ በአንድ መድረክ ምን ያደርጋሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ሰሞኑን የአንድ ቡድን ሙዚቃ ሰማሁ። ገሚሶቹ እንደ ተኦርቦ ያለ የባሮክ ዘመን መሣሪያ ይዘዋል፣ ገሚሶቹ ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ቻራንጎ (ጊታር መሰል ትንሽ መሣሪያ) እና ሃርፕ። ጆሮዬ ወዶታል። ግን የ1600ዎቹ የአውሮፓ ሙዚቃና የአንዲስ ተራራ ዘፈን ምን አገናኛቸው? ለገበያ ተብሎ የተደባለቀ አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም፣ በደንብ ሲሠራማ በፍጹም አይደለም። ሁለቱ ከድሮ ጀምሮ ዘመዳሞች ናቸው። ስፔናውያን በ1500ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሕር ሲሻገሩ ጊታር መሰሉን ቪሁዌላ፣ ጊታርና ሃርፕ ይዘው ነው የሄዱት። የአገሩ ሰው መሣሪያዎቹን ተቀብሎ በራሱ እንጨት ሠራቸው፣ በራሱ ጆሮ ቃኛቸው። አውሮፓ በኋላ ሌላ ፋሽን ተከተለች፣ እዚያ ግን መጫወቱ አልቆመም።

ቻራንጎን ጠጋ ብለው ይዩት። ትንሽዬ ነው። ጀርባው ድሮ ከአርማዲሎ ቅርፊት ይሠራ ነበር፣ አሁን ባብዛኛው ከእንጨት ነው። አምስት ጥንድ ክር አለው። የባሮክ ጊታርም እንደዚሁ በአምስት ረድፍ ነው የሚወጠረው። በሁለቱም ላይ ክሮቹ ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ በተርታ አይሄዱም፣ መሀል ላይ አንዱ ዘሎ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ ስለዚህ በጣት ሲመታ ድምፁ እርስ በርሱ ተጠጋግቶና ደመቅ ብሎ ይመጣል። አውሮፓ በ1800 አካባቢ ወደ ባለስድስት ነጠላ ክር ጊታር ዞረች፤ ያኛው አጨዋወት ግን በአንዲስ መንደሮች እስከ ዛሬ አለ። የፓራጓይ ሃርፕም ያው ነው። በትልልቅ ኦርኬስትራ የምናየው ሃርፕ ፔዳል አለው፣ የፓራጓዩ የለውም፤ እንደ ድሮዎቹ ቀላል ነው።

ምቱስ? እስከ ስድስት ይቁጠሩ። መጀመሪያ አንድና አራት ላይ ያጨብጭቡ፣ ቀጥሎ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ። ሁለቱን ሳያቋርጡ ካፈራረቁ ሆሮፖ የሚባለውን የቬኔዝዌላ ጭፈራም የድሮውን የስፔን ጭፈራም አገኙ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ሁለቱም ወገን ሁሉንም ነገር በኖታ አይጽፍም። ተኦርቦ ማለት አንገቱ ረዥም፣ ድምፁ ወፍራም ሉት (በጣት የሚመታ የድሮ ባለክር መሣሪያ) ነው፤ ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የታችኛው የባስ መስመር ብቻ ነው፣ የላይኛውን እዚያው እየፈጠረ ይሞላል። የሆሮፖ ሃርፕ ተጫዋችም የሚታወቅ የዜማ መንገድ ይዞ ይነሳና የቀረውን እንደ ስሜቱ ያወጣዋል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሚግባቡት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን ይህ ሙዚቃ የገባው በወረራና በሚሲዮን አይደል? ያንን ረስቶ መደሰት ይከብዳል።

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ መረሳትም የለበትም። በ1631 ሊማ ላይ በክዌችዋ፣ በአንዲስ ተወላጆች ቋንቋ፣ የታተመ ባለአራት ድምፅ መዝሙር አለ። በአሜሪካ ምድር መጀመሪያ የታተመው የብዙ ድምፅ ዝማሬ እሱ ነው። ያሳተሙት ቄስ ዓላማቸው የአገሩን ሰው ወደ ክርስትና ማምጣት ነበር፤ ይህ የሚደበቅ አይደለም።

ግን ቀጥሎ የሆነውንም እንይ። ዶሜኒኮ ዚፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ የኦርጋን ተጫዋች ሮምን ጥሎ በ1717 ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ፣ በ1726 ዛሬ አርጀንቲና ውስጥ ባለችው ኮርዶባ ሞተ። ሙዚቃው ዛሬ ቦሊቪያ በሆነው በቺኪቶስ ሚሲዮኖች ይዘመር ነበር። በ1767 የስፔን ንጉሥ ሚሲዮኖቹን የሚመሩትን የካቶሊክ ማኅበር ካህናት፣ ኢየሱሳውያኑን፣ አባረረ። ካህናቱ ሄዱ፣ ሙዚቃው ግን እዚያው ቀረ። የቺኪታኖ ሰዎች፣ የአካባቢው ተወላጆች፣ ኖታውን በእጃቸው እየገለበጡ፣ ቫዮሊኑን ራሳቸው እየሠሩ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲጫወቱ ትውልድ አለፈ። በ1970ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲታደሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ተገኙ። ታዲያ አንዳንድ የኮንሰርት ጽሑፍ ስለ ካህናቱ ብቻ ሲያወራ ያናድደኛል፤ ያንን ወረቀት ከምስጥና ከዝናብ ያዳነው እኮ የአገሩ ሰው ነው!

ሌላም አለ። በ1780ዎቹ የፔሩ ትሩሂዮ ጳጳስ ማርቲኔስ ኮምፓኞን ሕዝቡ የሚዘፍናቸውን 20 ዜማዎች ከብዙ ሥዕል ጋር አስመዘገቡ። አንዱ ዘፈን በሞቺካ ቋንቋ ነው። ዛሬ በዚያ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው የለም፣ ዘፈኑ ግን በነዚህ ቡድኖች መድረክ ላይ ይሰማል። በነዚህ ዜማዎች ባብዛኛው ከዜማና ከባስ ሌላ ብዙም ስላልተጻፈ የቀረውን ተጫዋቾቹ ናቸው የሚሞሉት። የባህል ሙዚቃውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ከሌለ ምን ብለው ይሞሉታል?

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ነፃ አጨዋወት ከወደዱ ላርፔጂያታን ይስሙ። ኦስትሪያዊቷ የተኦርቦ ተጫዋች ክሪስቲና ፕሉሃር በ2000 ያቋቋመችው ቡድን ነው፣ በ2012 ለደቡብ አሜሪካ ብቻ የተሰጠ አልበም አውጥቷል። ወደ ድሮዎቹ ጽሑፎች ጠጋ ያለ ከፈለጉ ደግሞ የአርጀንቲናዊውን የጋብሪኤል ጋሪዶን ቡድን ኤሊማን ይሞክሩ። ሲሰሙ ቻራንጎውን ይከተሉ። ምቱን እሱ እየመራ ሌሎቹ ከተከተሉት ጥሩ ነው። ከቫዮሊኖቹ ኋላ ለጌጥ ብቻ ከተቀመጠ ግን ሌላ ቅጂ ይፈልጉ። ጉዞ የሚወዱ ከሆነም በቺኪቶስ ከ1996 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የባሮክ ሙዚቃ ፌስቲቫል አለ፣ ኮንሰርቶቹም እነዚያው የሚሲዮን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ናቸው።