መልስ፦ ሐኪም ሳልሆን በልብና ደም ዝውውር በሽታ ላይ ዶክትሬት መሥራት እችላለሁ?
ትችላለህ። ባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ምህንድስና ተምረው የገቡበት ብዙ ናቸው። ከርዕሱ በፊት ግን ዘዴህን ምረጥ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሕዋስ ማሳደግና ሰዎችን ለዓመታት መከታተል ፈጽሞ የተለያየ ኑሮ ነው። በአሜሪካ የፍሬሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን የልብ ጤና የተከታተለው የፍሬሚንግሃም ጥናት በ1948 እ.ኤ.አ. 5,209 ሰዎች ይዞ ተጀመረ፤ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጡ ያሳየው ግን ከዓመታት ክትትል በኋላ ነው። አንተ ያን ያህል ጊዜ የለህም! ስለዚህ መረጃው ቀድሞ የተሰበሰበበት ቡድን ፈልግ። አማካሪ ከመምረጥህ በፊት ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎቹን አናግር፦ በስንት ዓመት ጨረሱ? በሰዎች ላይ ለሚደረግ ምርምር የሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድስ ስንት ወር ፈጀባቸው? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገብቼ የመጀመሪያው ዓመቴ ፈቃድ ስጠብቅ አለቀ።