ጠይቁ እንመልሳለን፦ ያ ሁሉ ክብር እያለው ማይነር ሊግ ምን ይሠራ ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትም ላይ «አለንታውን፣ ፔንስልቬንያ ቤዝቦል ስታዲየም ምግብ መሸጫው ውስጥ ስሠራ የቡድኑ አሰልጣኝ ራይን ሳንድበርግ ነበር» ብለው ጽፈዋል። ሰውየው በ2025 ጁላይ በካንሰር ሲያርፍ ሆል ኦፍ ፌም (የቤዝቦል ታላላቆች የክብር መዝገብ) የገባ ትልቅ ኮከብ መሆኑን ሰማሁ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ታች ሊግ ወርዶ ከልጆች ጋር በአውቶቡስ ሲንከራተት ምን ሆኖ ነው? ገንዘብ አጥቶ ነው?
ቢ. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ቢ. ልጄ፣ ገንዘብ አይደለም። ሰውየው ተጫውቶ ስም ያገኘበት የዋናው ሊግ ቡድን የቺካጎ ከብስ አሰልጣኝ መሆን ነው የፈለገው፣ ግን ስሙን ይዞ ከላይ አልገባም፣ ሆል ኦፍ ፌም በገባ በ2 ዓመቱ በ2007 ፒዮሪያ ወዳለው የከብስ ታች ሊግ ቡድን ሄዶ ከታችኛው እርከን ጀመረ፣ ከዛ ቴነሲ፣ ከዛ አይዋ፣ እዛም በ2010 የሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። በዛው ዓመት የከብስ ቦታ ሲከፈት ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ይሄን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኛ ጋ የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ በ2011፣ የኛ የአለንታውን ቡድን አይረንፒግስ የፊላደልፊያ ፊሊስ ትሪፕል ኤ ቡድን ነው፣ ከዋናው ሊግ አንድ እርከን ብቻ ዝቅ ያለ ማለት ነው። የሚገርመው ፊሊስ በ1978 ገና በ18 ዓመቱ አስፈርሞት በ1982 በሌላ ተጫዋች ዝውውር ላይ ምራቂ አድርጎ ለቺካጎ የሰጠው ልጅ ነው፣ እዛ ሄዶ በ1984 የናሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፣ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን ወርቅ ጓንት 9 ጊዜ ወሰደ።

አብሬው ሠራሁ ስል በአንድ ግቢ ማለቴ ነው፣ እሱ ሜዳ እኔ ሆት ዶግ። ግን የኛ መሸጫ በሦስተኛው ቤዝ በኩል ስለነበር ቡድኑ ሲመታ እዛው ጥግ ቆሞ ምልክት ሲሰጥ ፊት ለፊት ይታየኛል፣ ኮፍያውን ነካ፣ ደረቱን፣ ክንዱን፣ እንደገና ኮፍያውን፣ ልጁ ደግሞ ከመምቻው ቦታ ዓይኑን ሳይነቅል ያነባል። ፊላደልፊያ አፍንጫ ስር የሱን የከብስ 23 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ፊርማ ፍለጋ የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ተጫዋች እያለ ዝምተኛ ነበር ይባላል፣ አሰልጣኝ ሲሆን ግን ለልጆቹ ብሎ ከዳኛ ጋር ተሟግቶ ስንቴ ከሜዳ እንደተባረረ፣ እኔ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው።

ትሪፕል ኤ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ የሚጠብቀው ከላይ የሚመጣውን ጥሪ ነው፣ ፊላደልፊያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነች፣ ግን ሳይደርስባት ጫማ የሚሰቅል ብዙ ነው። ለዛ ልጅ ራሱ ሁሉን ያየ ሰው አጠገቡ ሲቆም ትልቅ ነገር ነው። በ2011 ቡድኑን እስከ ሊጉ ፍጻሜ አደረሰው፣ ራሱም በ2013 ኦገስት የፊሊስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

አንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለህ ቦዊ ቅርብህ ነው፣ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደብል ኤ (ከትሪፕል ኤ አንድ እርከን ዝቅ ያለ) ቡድን እዛ ይጫወታል። ጨዋታው ሳይጀመር ቀደም ብለህ ግባና ልምምዱን እይ።