የሞቱበት ቀን የሌላቸውን ከዳታው ላውጣቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ምን ያህል ጊዜ እንደኖሩ የሚያይ ነው። ካርዶቹን ሳገላብጥ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። ትራንስፈር የወጡም (ወደ ሌላ ጤና ተቋም የተዛወሩ)፣ ሎስት የተባሉም (ክትትላቸውን አቋርጠው የጠፉ) ሞልተዋል። የሞቱበት ቀን የሌላቸውን ባወጣቸው ችግር አለው? (ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ አደራ እንዳታወጫቸው! 14 ወር ታክሞ ትራንስፈር የወጣ ሰው ቢያንስ 14 ወር ኖሯል። ይህ ራሱ መረጃ ነው። ሴንሰርድ የምንለውም እንዲህ ያለውን፣ የሚጠበቀው ነገር ሳይደርስበት ክትትሉ ያበቃውን ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የሉኪሚያ ጥናት አለ። 21 ታካሚዎች መርካፕቶፑሪን የሚባል መድኃኒት ወሰዱ። በሽታው ሲያገረሽ የታየው በ9ኙ ብቻ ነው፤ 12ቱ ሴንሰርድ ናቸው። በ6ኛው ሳምንት ከ21ዱ 3ቱ አገረሸባቸው። 18 ለ21 ሲካፈል 0.857 ነው፤ ይህ ሳያገረሽባቸው የቆዩት ድርሻ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ሴንሰርድ ሆነ። ስለዚህ በ7ኛው ሳምንት የቀሩት 17 ናቸው፤ ለአንዱ አገረሸበት። 0.857ን በ16/17 አባዢው፤ 0.807 ይመጣል። አየሽ? ሴንሰርድ የሆነው ሰው እስከታየበት ድረስ ተቆጠረ፣ ከዚያ ከአካፋዩ ወጣ። ካፕላንና ማየር በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ይኸው ነው። እንዲህ እያልሽ ስትቀጥዪ ሚዲያኑ (ድርሻው ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች የሚወርድበት ጊዜ) 23 ሳምንት ይሆናል። 12ቱን ጥለሽ በ9ኙ ብቻ ብትሠሪው ግን 10 ሳምንት ነው። መድኃኒቱን ያለ ኃጢአቱ ኮነንሽው ማለት ነው።

የኮክስ ሞዴልም (የተለያዩ ነገሮች በመሞት ዕድል ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ የሚለካው) ሴንሰርድ የሆኑትን በዚሁ መንገድ ይይዛል፤ ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ከባድ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዘዴው የሚሠራው የወጡትና የቀሩት የመሞት ዕድላቸው ተመሳሳይ ከሆነ ነው። ትራንስፈር ለወጡት ይህን ማመን ይቻላል። ሎስቶቹስ? አንዳንዱ ቤቱ ሞቶ ለክሊኒኩ የነገረለት የለም። እሱን ዝም ብለሽ ሴንሰርድ ካልሽው በሕይወት የቆዩትን ድርሻ የሚያሳየው ኩርባሽ ከእውነቱ ያማረ ይሆናል። ይህን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይነግርሽም።

ስለዚህ ሎስትንና ትራንስፈርን በአንድ ኮድ አታስገቢ። ሎስቶቹን ፈልገው ያገኟቸው እንደሆነ የክሊኒኩን ኬዝ ማናጀር ጠይቂ። ራስሽ ግን ለማንም አትደውዪ፤ የሰው ምስጢር ነው። ከዚያ ትንተናውን ሁለቴ ሥሪው፦ አንዴ ሎስቶቹን ሴንሰርድ አድርገሽ፣ አንዴ ደግሞ ሁሉም ከመጨረሻ ቀጠሯቸው ማግስት እንደሞቱ ቆጥረሽ። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። ክፍተቱ ከሰፋ አድቫይዘርሽ ባይጠይቁሽም ሁለቱንም ኩርባ ውጤትሽ ውስጥ አስገቢ።