ለድብ አደን፦ የትኛው ጥይት፣ የትኛው ቦታ?

ጥያቄ፦ «.308 ዊንቸስተር ጠመንጃ አለኝ። እስካሁን አጋዘን ያደንኩት የአረሩ ክብደት 150 ግሬን በሆነ ተራ ጥይት ሲሆን አንድም ቀን አላሳፈረኝም። በመጪው መከር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ድብ ለማደን ፈቃድ አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ ግን ማግነም (ጉልበቱ የበዛ ጠመንጃ) ሳትገዛ አትሂድ ይሉኛል። በእርግጥ ጠመንጃ መቀየር አለብኝ? ድቡንስ የት ላይ ብመታው ይሻላል?»

መልስ፦ ጠመንጃዎን አይቀይሩ፤ ጥይቱን ይቀይሩ። .308 ለጥቁር ድብ በቂ ነው፤ በቂ የማይሆነው ለአጋዘን ተብሎ የተሠራው ስስ አረር (ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው ክፍል) ነው። ጓደኞችዎ ለእርስዎ በማሰብ እንደሚመክሩዎት አልጠራጠርም፤ ሆኖም ቆስሎ ጥሻ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ድብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው የጠመንጃው ጉልበት ስላነሰ ሳይሆን፣ አረሩ ያለቦታው ስለገባ ወይም ወደ ልብና ወደ ሳንባ ሳይደርስ በመንገድ ስለተበታተነ ነው። የአላስካ ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ለአዳኞች በሚሰጠው ምክር፣ ልምድ ያላቸው የአካባቢው አስጎብኚ አዳኞች ደንበኛቸው ኢላማ ለማስተካከል ያህል ብቻ የተተኮሰበት አዲስ ማግነም ይዞ ከሚመጣ ይልቅ በሚገባ የሚተኩስበትን፣ ማግነም ያልሆነ .270 ወይም .30-06 ጠመንጃ ይዞ ቢመጣ እንደሚመርጡ ይገልጻል። የሰደፉን ምት የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን ሊስብ ሲል ሳይታወቀው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ያሸማቅቃል፤ በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ጥቂት ከተነቃነቀ ሳንባ ላይ የተነጣጠረው አረር ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ አረሩ እንምጣ። እርስዎ የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ውስጡ ለስላሳ እርሳስ ሆኖ ውጪው በስስ የመዳብ ልባስ የተሸፈነ ነው። የአጋዘን ጎድን ቀጭን ስለሆነ እንዲህ ያለው አረር ፈጥኖ መከፈቱ ይጠቅማል። በድብ ላይ ግን አረሩ በመጀመሪያ ረጅም ጸጉርንና ወፍራም ቆዳን፣ ከዚያም ከክረምቱ እንቅልፍ በፊት የተከማቸውን ስብና የደነደነ ጡንቻን ማለፍ አለበት፤ የትከሻ አጥንት ካጋጠመው ደግሞ ልባሱ ከእርሳሱ ተላቆ ሊሰባበር ይችላል። ስለዚህ በ.308 የሚተኩሱ ከሆነ 180 ግሬን የሚመዝን፣ ማለትም ወደ 11.7 ግራም ገደማ የሆነ፣ እርሳሱና ልባሱ እንዳይላቀቁ ተደርገው የተጣበቁበትን ወይም በመሃሉ የመዳብ ግድግዳ ያለውን አረር ይምረጡ። የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ታዋቂ ምሳሌ ኖዝለር ፓርቲሽን ነው፤ የፊተኛው ክፍል ሲከፈት የኋለኛው ክፍል በግድግዳው ተጠብቆ ወደ ውስጥ መዝለቁን ይቀጥላል።

ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ከመረጡም 150 ወይም 165 ግሬን ይበቃዎታል፤ ሲከፈት ክብደቱን ከሞላ ጎደል ሳያጣ ስለሚጓዝ ከበድ ያለውን የእርሳስ አረር ያህል ይዘልቃል። እንዲያውም መዳብ ከእርሳስ የቀለለ ብረት በመሆኑ፣ እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር ረዘም ይላል፤ በቀለሁ ውስጥ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፤ ስለሆነም በመዳብ አረር ጊዜ ክብደት ማብዛት ትርፉ ትንሽ ነው። እንደ ካሊፎርኒያ እርሳስ ያለበት ጥይት ለአደን በተከለከለበት ቦታ ምርጫው ይኸው ብቻ ነው። ለወታደር የሚሠራውንና ጫፉ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነውን ጥይት ግን በምንም ምክንያት አይጠቀሙ፤ ሳይከፈት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ያልፋል፤ በብዙ ቦታም ለአደን በሕግ የተከለከለ ነው።

በዘልቆ መሄድ ላይ ይህን ያህል የምደክመው በምክንያት ነው። ድብ ሲመታ ደሙ እንደ አጋዘን መሬት ላይ አይፈስም። ስቡ ተንሸራቶ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ከስቡ ያለፈውን ደም ደግሞ ጥቅጥቅ ያለው ጸጉር ይመጠዋል። አረሩ በአንድ ጎን ገብቶ ውስጥ ከቀረ፣ በጥሩ ቦታ የተመታ ድብ እንኳ ጠብታ ሳይታይ ጥሻ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። በሌላው ጎን፣ ዝቅ ባለ ቦታ በስቶ ከወጣ ግን የሚከተሉት ፈለግ ይኖርዎታል።

ስለሚመታው ቦታ ስንነጋገር በቅድሚያ ዓይንዎ እንዳያታልልዎት ልብ ይበሉ። በመከር ወራት የድብ የሆድና የደረት ጸጉር ወደ ታች ስለሚንጠለጠል፣ የገላው ወለል መስሎ የሚታየው መስመር በእውነቱ ጸጉር ብቻ ነው። ከዚያ መስመር ተነስቶ የሚለካ ተኳሽ ከልብ በታች ይመታል፤ ጸጉር ይላጫል፣ ወይም ፍርምባውን ብቻ ያቆስላል። ከላይም በኩል እንዲሁ የጀርባው ጸጉርና ስብ ከፍታውን ያጋንኑታል። በመነጽሩ ውስጥ ሲያዩት ጸጉሩን በሐሳብዎ ይቀንሱና እውነተኛውን ገላ ይፈልጉ።

ድቡ ሙሉ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም፣ የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትለው ወደ ላይ ይውጡና ከእውነተኛው ገላ ቁመት እኩሌታ ጥቂት ዝቅ ብለው ያነጣጥሩ። በዚህ ቦታ የገባ አረር ሁለቱንም ሳንባዎች ይበሳል፤ ትንሽ ዝቅ ቢል ልብን ያገኛል፣ ትንሽ ወደ ፊት ቢስት ትከሻውን ይሰብራል። ስህተቱ አደገኛ የሚሆነው ወደ ኋላ ሲሆን ነው፤ ከሳንባው ጀርባ ያለው ጉበት፣ ከጉበቱም ጀርባ ያለው ሆድ ዕቃ ነውና። ከቻሉ በእርስዎ በኩል ያለው የፊት እግሩ ወደ ፊት እስኪራመድ ይጠብቁ፤ እግሩ ሲቀደም የላይኛው ክንዱ አጥንት ከሳንባው ላይ ይነሣል።

ከሁሉም አብልጬ የምመርጠው ግን ድቡ በሰያፍ ዞሮ ከእርስዎ ራቅ እያለ የሚቆምበትን አቋም ነው። በዚህ ጊዜ የሚያነጣጥሩት በቅርቡ ጎን ላይ ሳይሆን በማዶ ባለው የፊት እግር ላይ እንደሆነ ያስቡ፤ አረሩ ከጎድኑ በኋላ በኩል ገብቶ በደረቱ ውስጥ ወደዚያ እግር እንዲጓዝ ነው። በማማ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲተኩሱም ሕጉ አንድ ነው፤ የመውጫውን ቦታ አስልተው መግቢያውን ከተለመደው ከፍ ያድርጉት። ድቡ ከማማው ሥር ተጠግቶ ማዕዘኑ እጅግ ቁልቁል ከሆነ አረሩ አንዱን ሳንባ ብቻ ሊያገኝ ስለሚችል፣ ራቅ እስኪል ይታገሡ።

ፊት ለፊት የቆመን ድብ አይተኩሱ። የራስ ቅሉ ያዘነበለ ነው፣ አንጎሉም ትንሽ ነው፤ የደረቱ መግቢያ ደግሞ በሁለት ትከሻዎች መካከል ጠባብ ነው። ካልዞረ ይለፍ። ጊዜ ካገኙም በዙሪያው ያለውን ጥሻ በመነጽር ይቃኙ፤ ግልገል የምትመራ እናት ድብ በአላስካም ሆነ በሌሎች ብዙ ቦታዎች በሕግ የተጠበቀች ናት፤ ግልገሎቹም ብዙውን ጊዜ ከኋላዋ ዘግይተው ይወጣሉ።

ወደፊት ቡናማ ድብ ለማደን ካሰቡ ጉዳዩ ይለወጣል። ያን ጊዜ .30-06 በ200 ወይም በ220 ግሬን ጠንካራ አረር መነሻ ይሁንዎ፤ .338 ዊንቸስተር ማግነም ወይም ከ1912 ጀምሮ ያለው .375 ኤች ኤንድ ኤች የተሻለ መተማመኛ ናቸው፣ ምታቸውን ከቻሉት። ብዙ አስጎብኚዎችም ድቡ እንዳይንቀሳቀስ ትከሻውን መስበር ይመርጣሉ። ከትከሻው በላይ ያለው ጉብታ ጡንቻ ስለሆነ፣ የገላውን ቁመት ሲለኩ እርሱን አይቁጠሩት።

ድቡ ሲመታ ወድቆ ሊንከባለል፣ ሊያጓራ፣ ቁስሉንም ሊነክስ ይችላል። የአጋዘን አዳኝ እዚህ ላይ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ለማየት ይለምዳል፤ ይህን ልማድ ይተዉት። ልቡ የተመታ እንስሳ እንኳ ለጥቂት ሰከንዶች የመሮጥ አቅም አለው። ስለዚህ መቀርቀሪያውን ሰደፉን ከትከሻዎ ሳያነሱ ይመልሱና፣ ድቡ እስኪጋደም ድረስ፣ ጥርት ያለ ኢላማ ባገኙ ቁጥር ይድገሙት። ከዓይንዎ ከተሰወረ፣ መጨረሻ የታየበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ በደንብ ይያዙ፣ ጆሮዎን ይጣሉ፤ ጥቁር ድብ አንዳንድ ጊዜ ነፍሱ ስትወጣ ረጅም ማቃሰት ያሰማል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሆዱን እንደመቱት ከጠረጠሩ ደግሞ ለብዙ ሰዓታት ይታገሡ። ከዚያም ከሌላ ሰው ጋር ይከታተሉት እንጂ በጨለማ ብቻዎን ጥሻ አይግቡ። የወደቀውንም ከጀርባው በኩል ይቅረቡት፤ ጠመንጃዎ ጥይት እንደጎረሰ ሆኖ፣ የተከፈተ ዓይኑን በረጅም እንጨት ነክተው እስካላረጋገጡ ድረስ ሞቷል አይበሉ።

ወደ አደኑ ከመሄድዎ በፊት የቀድሞው የ150 ግሬን ኢላማ ማስተካከያዎ ለአዲሱ ጥይት እንደማያገለግል ይወቁ፤ ክብደቱ ሲለወጥ የሚያርፍበት ነጥብም ይለወጣል። ወደ መዳብ አረር የሚዞሩ ከሆነ አፈሙዙን በመጀመሪያ ከድሮው ዝቃጭ በሚገባ ያጽዱት። ለአደኑም ለልምምዱም የሚበቁ ፓኮዎችን፣ በላያቸው የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አይተው፣ በአንድ ጊዜ ይግዙ። በ100 ሜትር ልክ ነጥቡን እንዲመታ ካስተካከሉት በኋላ ከጠረጴዛው ይነሡና የቀረውን ጥይት ተቀምጠው፣ ተንበርክከውና በዱላ ተደግፈው ቆመው ይጨርሱት፤ ሁልጊዜም የመጀመሪያውን ተኩስ ወዲያው በሁለተኛው ያስከትሉ።