ተሳቢን ለመቅደም ስንት ሜትር ክፍት መንገድ ያስፈልጋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በቪትዝ እመላለሳለሁ። ተሳቢ ስቀድም ክፍቱ መንገድ ይበቃኝ እንደሆነ የምወስነው በግምት ነው። ከግምት የተሻለ ነገር አለ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለ፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ተሳቢው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እርስዎ በ80 ይቀድሙታል እንበል። ከኋላው 25 ሜትር ርቀው ይወጣሉ፤ 18 ሜትር ያህል የሚረዝመውን መኪና ያልፋሉ፤ ከፊቱም 25 ሜትር ትተው ይገባሉ። የራስዎን መኪና 4 ሜትር ሲጨምሩበት ተሳቢውን በ72 ሜትር መብለጥ አለብዎት። የፍጥነት ልዩነታችሁ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ይህ 13 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ እርስዎ 290 ሜትር ገደማ ይጓዛሉ፤ ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ ያንኑ ያህል ወደ እርስዎ ይቀርባል። ስለዚህ ከ600 ሜትር ያነሰ ክፍት መንገድ ከታየዎት አይውጡ።

600 ሜትርን በዓይን መለካት ከባድ ነው፤ በሰከንድ ግን ይቻላል። ተሳቢውን በ60 እየተከተሉ ሳሉ፣ መንገዱ ከዓይንዎ የሚሰወርበት ቦታ ላይ ያለ ዛፍ ወይም ድልድይ ይምረጡና እዚያ እስኪደርሱ ይቁጠሩ። 36 ሰከንድ ከፈጀ 600 ሜትር ነው። ደጋግመው ሲለማመዱት ዓይንዎ ርቀቱን ይለምደዋል።

ስሌቱ ሲወጡ 80 ላይ እንደደረሱ አድርጎ ይነሳል። ከ60 ተነስተው ፍጥነት የሚጨምሩ ከሆነ ርቀቱ ይረዝማል፤ ዳገት ላይ ሰውና ዕቃ ጭነው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህል ያጣል። ከደብረ ብርሃን በኋላ ወደ ጣርማ በር ሲወጡ መኪናዎ አልሳብ የሚልዎት ለዚህ ነው።

አብዝተን የምንለምንዎት ግን ይህን ነው፦ ተሳቢው በ70 እየሄደ ከሆነ በ80 አይቅደሙት። ልዩነቱ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን በግራ መስመር ላይ 26 ሰከንድ ይቆያሉ፤ ከ1,100 ሜትር በላይ ክፍት መንገድም ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት» ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ አደጋው ያለው ግን እዚያው ትንሽነቱ ላይ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ስፖኪዮ ይዩ፣ ፍሬቻ ያሳዩ፣ ማርሽ በአንድ ይቀንሱ። ግማሽ ላይ ከተጠራጠሩ ፍሬን ይዘው ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ነገር ግን እርስዎ የለቀቁትን ቦታ ከኋላ የሚከተል ሚኒባስ ይዞት ሊሆን ይችላልና እሱንም አስቀድመው ያስቡበት።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሹፌሮች የቀኝ ፍሬቻ እያሳዩ «እለፍ» ይላሉ። ልመናቸው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ አብዛኞቹ በቅንነት ነው የሚያሳዩት። ይሁን እንጂ ያው ፍሬቻ «ዳር ልይዝ ነው» ወይም «ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው» ማለትም ይሆናል። የግራው ደግሞ «አትለፍ» ሊሆን ይችላል፤ «እኔ ራሴ ልወጣ ነው»ም ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ ከጋቢናው ከፍታ ርቆ ያያል፤ የእርስዎ መኪና ምን ያህል እንደሚስብ ግን አያውቅም። ምልክቱ ሲታይ ማየት ይጀምሩ፤ የሚወጡት መንገዱን በራስዎ ዓይን ካዩ ብቻ ነው። ኩርባ ላይና ያልተቆራረጠ መስመር ባለበት ማንም ቢጠራዎት አይውጡ።

ጥያቄ፦ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት ላብራ? አራቱን ፍሬቻስ? ፍጥነቴስ ስንት ይሁን? (ከሸዋሮቢት)

መልስ፦ ረጅም መብራት አያብሩ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ጠብታዎች ተመልሶ ነጭ ግድግዳ ይሆንብዎታል። አጭር መብራትና፣ ካለዎት፣ ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጉም መብራት ይበቃል። አራቱን ፍሬቻ እየሄዱ አያብሩ። ከኋላ ያለው የቆሙ ይመስለዋል፤ ሊታጠፉ ሲሉም ምልክትዎ አይለይም። የሚያበሩት ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥተው ሲቆሙ ነው።

ፍጥነትን በሚታይዎት ርቀት ይወስኑ። በመንገዱ ዳር የፍጥነት ምልክት ላይ የተጻፈው ቁጥር መንገዱ ደረቅ ሆኖ ርቆ ሲታይ የሚፈቀደው ጣሪያ ነው። 40 ሜትር ብቻ ይታይዎታል እንበል። እርጥብ አስፋልት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ፣ አይተው ፍሬን እስኪረግጡ ያለፈውን ሰከንድ ተኩል ጨምሮ 32 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማሉ። በ60 ከሄዱ ግን 60 ሜትር ያስፈልግዎታል፤ ተበላሽቶ የቆመውን መኪና በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይገጩታል። ጉም ውስጥ ዳር ዳሩ ስለማይታይ ሰው ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋልና ጌጁን ደጋግመው ይዩ። የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ተማምነው አይጠጉ። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ያድርጉ፤ ከባድ መኪና ከመታየቱ በፊት ይሰማል።

ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ (ከማርሽ አውጥቶ) መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ፍሬኑ ብቻውን ክብደቱን ሲሸከም ይግላል፣ ከጋለም መያዙን ይቀንሳል። የወጡበትን ማርሽ ይዘው ይውረዱ።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ለምን የበለጠ ያንሸራትታል? (ከደሴ)

መልስ፦ በበጋ የተጠራቀመ አቧራ፣ ዘይትና የጎማ ብናኝ ከጥቂት ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ሳሙና ስለሚሆን ነው። ብዙ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ከፊት ካለው ጋር የሚተዉትን ርቀት እጥፍ ያድርጉ። የጎማዎ ጥርስ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ከክረምት በፊት ይቀይሩት። ውኃ በተኛበት መሪው ድንገት ከቀለለብዎት ጎማው ውኃው ላይ ተንሳፏል ማለት ነው፤ ፍሬን ሳይረግጡና መሪ ሳያዞሩ እግርዎን ከነዳጁ ላይ አንስተው አስፋልቱን እስኪይዝ ይጠብቁ።