የውሻዬ ጉልበት ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ወልቆ ይሆን?

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ውሻዬ ከሰሞኑ ከእንቅልፉ ሲነሣ በቀኝ የኋላ እግሩ ያነክሳል፤ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ግን ይሻለዋል። እግሩን ስመለከተው ጉልበቱ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። ወልቆ ከሆነ በእጄ ልመልሰው እችላለሁ?

መልስ፦ እባክዎ ለመመለስ አይሞክሩ። ያዩት መገጣጠሚያ ጉልበት ሳይሆን ቁርጭምጭሚት ነው፤ ወደ ኋላ መታጠፉም ተፈጥሮው ነው። ሰው ሲቆም ከተረከዙ እስከ ጣቶቹ መሬት ይረግጣል፤ ውሻ ግን የሚቆመው በጣቶቹ ብቻ በመሆኑ ተረከዙ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀራል። በጤነኛው እግሩ ላይ ከጥፍሮቹ ጀምረው በስተኋላ በኩል ወደ ላይ ቢዳስሱት ሾጠጥ ያለ ጠንካራ ጉብታ ያገኛሉ፤ ተረከዙ ይህ ነው፤ ከበላዩ እንደ ተወጠረ ገመድ የሚዳሰሰውም ቋንጃው ነው። ቅልጥሙን ተከትለው ወደ ላይ ሲቀጥሉ፣ ከሆዱ አጠገብ፣ የጉልበቱን ሎሚ ያገኛሉ፤ እርሷም እንደ እርስዎ ጉልበት ወደ ፊት የዞረች ናት። በፈረስም ብዙ ሰው የፊት እግሩ ጉልበት የሚለው መገጣጠሚያ በእኛ አካል የእጅ አንጓ ከሆነው ጋር አንድ ነው።

ማንከሱ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶቹ ጫፎች በሚያንሸራትት ልም አጥንት ተሸፍነዋል፤ ዙሪያቸውን የከበበው ሽፋንም እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጭ ፈሳሽ ያመነጫል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከዚሁ ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹም በደንብ የሚዳረሰው እንስሳው ሲንቀሳቀስ ነው። የታመመ መገጣጠሚያ ከዕረፍት በኋላ የሚገትረውና በእርምጃ የሚፍታታው አንድም በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የገለጹት ምልክት ሐሳቤን ወደ መገጣጠሚያ ይመራዋል። በትላልቅ ዝርያዎች በዚህ ዕድሜ በቅድሚያ የምንጠረጥረው ዳሌን ነው፤ ክቡ የጭን አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ ሳይገጥም ሲቀር ልም አጥንቱ ይፋጫል። በትናንሾቹ ደግሞ የጉልበት ሎሚ ከቦይዋ ወደ ውስጥ መንሸራተቷ የተለመደ ነው። በተጨማሪም የቡችላ አጥንት የሚረዝመው በጫፎቹ አጠገብ ካለው ለስላሳ የዕድገት ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል በትላልቅ ዝርያዎች እስከ 18 ወር አካባቢ ሳይዘጋ ሊቆይ ስለሚችል፣ በዚህ ዕድሜ ከከፍታ መዝለል ሊጎዳው ይችላል።

ከውሻ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ በፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል። የኋላ እግሩን ሲያመው ሸክሙን ወደ ፊት ስለሚያሸጋግር ሕመሙ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ከኋላው ቆመው ሁለቱን ጭኖች በአንድ ጊዜ በመዳፍዎ ይያዟቸው፤ የቀኙ ጡንቻ ከሳ ያለ ከመሰለዎት ችግሩ የሰነበተ ነው።

እስኪመረመር ድረስ ሩጫና ዝላይ ይከልክሉት፤ ለሰው የሚታዘዙትን አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞልን ፈጽሞ አይስጡት፤ ውሻን ሊመርዙ ይችላሉና። እግሩን ጨርሶ የማይረግጥበት ወይም የሚያብጥበት ከሆነ በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ ካልሆነም ከዚህ ሳምንት አያሳልፉት። ብዙ ውሾች ምርመራ ክፍል ሲገቡ በድንጋጤ ማንከሳቸውን ስለሚደብቁ፣ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ አረማመዱን በስልክዎ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩት።