መኪናው ውሃ ሲነካ ለምን ይዘላል?

ወንድሜ፣ በየብስም በውሃም የሚሄድ መኪና ለመመረቂያ እየሠራሁ ነው፣ ሲሙሌሽኑ ላይ ግን ውሃ በነካ ቁጥር ተወርውሮ ይገለበጣል፣ ሶፍትዌር ልቀይር ወይ ብለሃል። አትቀይር። እኔም ሁለት ወር የፈጀሁት እዚያው ላይ ነው።

መንገድ ላይ መንዳቱ ቀላል ነው፣ መንሳፈፉም አይከብድም። የሚያስለቅሰው ዳርቻው ነው። ወደ ላይ የሚገፋውን የውሃ ኃይል አንድ ነጥብ ላይ «ነካ፣ አልነካ» ብለህ ሰጥተኸው ይሆናል። 2 ቶን ባንዴ ሲመታው ባይዘል ነው የሚገርመው። ቦዲውን ቆራርጠህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ በጠለቀው ልክ ስጠው። የሆዱ ስፋት 6 ካሬ ሜትር ከሆነ በሰመጠ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 60 ኪሎ ይሸከማል፤ ለ2 ቶን መኪና 33 ሴንቲሜትር ግድም መስመጥ አለበት። ከዚህ በጣም ከራቀ ሌላ ስህተት ፈልግ። ጎማዎቹም አየር ስለያዙ ይንሳፈፋሉ፣ እኔ ረስቻቸው ከርሜያለሁ። ዳምፒንግ (ውዝዋዜውን ቀስ በቀስ የሚያበርድ ኃይል) ካላስገባህ ደግሞ እንደ ኳስ ሲነጥር ያድራል።

መገልበጡ ሌላ ጣጣ ነው። እሱ የገባኝ ቱሉ ዲምቱ፣ እናቴ ግቢ፣ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነው። ከላሜራ የሠራኋት ሞዴል ቀጥ ብላ ተንሳፈፈች። ሆዷ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ ጨምሬ ነካ ሳደርጋት ውሃው ወደ አንድ ጎን ሮጠ፣ እሷም ተከትላው ተኛች። (እናቴ «ጨርሰሃል? ልብሱ እየጠበቀ ነው» አለችኝ።) ስለዚህ አፍስሶ ውስጥ የሚገባ ውሃ ካለ መዋለሉንም አስላ፣ ሞተሩንም ዝቅ አድርገህ ትከል።

መውጫው ከመግቢያው ይብሳል። የፊት ጎማ መሬት ሲነካ ኋላው ገና ተንሳፍፏል፣ ጎማው ላይ ያረፈው ክብደት ትንሽ ስለሆነ በቦታው ይሽከረከራል። ፕሮፔለሩን ቶሎ አታጥፋ። የአስፋልት ፍሪክሽንም (ጎማው መሬቱን የሚይዝበትን ልክ) አታምጣ፤ እኔ በክረምት የአቃቂ ዋልካ ላይ ከነጭነቱ 20 ኪሎ የሆነ ጎማ እንዳይዞር አስሬ በእጅ ሚዛን ስጎትተው 6 ኪሎ ላይ ሸርተት አለ። 0.3 መሆኑ ነው፤ ሙሉ ክብደቱ ቢያርፍበት እንኳ ከ17 ዲግሪ በላይ ዳገት አይወጣም። ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው የአሜሪካኖቹ ዳክ (በየብስም በውሃም የሚሄድ የጦር መኪና) ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ የጎማ ንፋስ እንዲቀንስ የተደረገውም ለስላሳ አሸዋ ላይ እንዳይቀር ነው። የአባ ሳሙኤልን ግድብ ውሃ አስበህ ከሆነ እምቦጩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ እሱንም ቁጠረው።

ታይም ስቴፑን (ሲሙሌሽኑ በአንድ እርምጃ የሚያሰላውን ጊዜ) ወደ 0.001 ሰከንድ አውርደው። ይንቀራፈፋል፣ ግን በየመሃሉ ሴቭ አድርግ፤ የኔን የአንድ ሌሊት ሥራ ሊነጋጋ ሲል መብራት ሄዶ በልቶብኛል። ፋይሉን ላክልኝና ቦዲውን እንዴት እንደቆራረጥከው አያለሁ።